የሸሸግሁት ጠብታ

ሰው የራሱ ቤት ሲኖረው ሁሉን ዐዋቂ የሆነ ይመስለዋል። እኔም በ2013 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ይዤ በገባሁ ጊዜ ይኸው በሽታ ያዘኝ። የቀን ሥራዬ መዝገብ ማገላበጥና ደብዳቤ ማርቀቅ ነው። መዶሻ ስጨብጥ ከምስማሩ ይልቅ ጣቴን የምመታ ሰው ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ወጥ ቤታችን ጠባብ ናት። በአንደኛው ግድግዳ ላይ 50 ሊትር ውሃ የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር ተሰቅሏል፤ ከሥሩ ሁለት ሶኬቶች አሉ። ቦይለሩ ግርጌ ካለችው ቫልቭ ደግሞ ውሃው በሞቀ ቁጥር ጠብታ ትወርዳለች፤ ለእርሷም ጣሳ ደቅነንላት ነበር። ባለቤቴ አንድ ቀን ከጎረቤት ቡና ጠጥታ ስትመለስ፤ «የእነሱ ወጥ ቤት ግድግዳው ሁሉ በቁም ሣጥን ተሸፍኖ ሲያምር! የእኛ ግን ጣሪያው እንደሚያፈስ ቤት ጣሳ ተደቅኖበታል» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ። በዚያው ምሽት ማስመሪያና እርሳስ ይዤ፤ ቦይለሩንም፣ ሶኬቶቹንም፣ ጠብታዋንም ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ቁም ሣጥን ነደፍሁ። መቼም በወረቀት ላይ የማያምር ነገር የለም።

የመጡት አናጢ ጠጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ነበሩ። ንድፌን ዐይተው ዝም አሉ። ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው አዳመጡ፤ ቦይለሩንም በሜትር ለኩ።

«ልጄ፤ የግድግዳ ቁም ሣጥን ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የዚህ ሆድ ግን 45 ነው። ሰሌዳውን ወደ ፊት አውጥተን ብንሸፍነውስ ሲበላሽ በየት ገብተን እንጠግነዋለን? ሶኬትም ቦታው እጅ የሚደርስበት ነው» አሉኝ።

ጠብታዋን በሽብልቅ እንዲደፍኗት ስጠይቃቸው ግን፤ «እርሷንስ አልነካም» ብለው ሜትራቸውን ጠቅልለው ሄዱ። እኔም በልቤ፤ «የድሮ ሰው!» አልሁ።

ሌላ ወጣት አናጢ አገኘሁ። ለጥያቄዬ ሁሉ መልሱ «ችግር የለውም» ነበር። እንዲህ ያለ ሠራተኛ እንዴት ደስ ይላል! በሁለት ቀን ጨረሰ። ሦስት ወር ያህል እንግዳ በመጣ ቁጥር ሳሎን ሳይሆን ወጥ ቤት እየወሰድን አስጎበኘን።

አንድ እሑድ ማታ የስድስት ዓመት ልጄ ወደ እኔ መጥታ፤ «አባዬ፤ ቁም ሣጥኑ ሽንብራ ይቆላል» አለችኝ። ስቄ ተነሣሁ። ወጥ ቤት ስገባ ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ተቀበለኝ፤ ከሰሌዳው ጀርባም በእርግጥ እንደ ቆሎ የሚንጣጣ ነገር ነበር። ሶኬቱን ልንቀል ብል ሶኬቱ ከሰሌዳው ጀርባ ነው፤ ሰሌዳው በብሎን ታስሯል፤ መፍቻ የለኝም። ሮጬ ብሬከሩን አጠፋሁና ከጎረቤቴ ጋር በስልክ መብራት ሰሌዳውን ገነጠልነው። ሶኬቱ ቀልጧል፤ ቺፑዱ ርሶ አብጧል፤ በሶኬቱ ዙሪያም ከስሏል። ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ያለው የልጄ አልጋ ነው።

በማግሥቱ የመጣው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቫልቭዋን ዐይቶ፤ «ጋሼ፤ ይህችን ማን ወተፋት?» አለኝ። ያዘዝሁት እኔ ነበርሁና መልስ አጣሁ።

ነገሩን እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ 50 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ሦስት ሩብ ሊትር ያህል ይጨምራል። ቫልቭዋ የሞቀው ውሃ ወደ መጣበት ቧንቧ እንዳይመለስ ስለምትከለክል፤ ትርፉ የሚወጣው በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዋ ፈጽማ ብትደፈን ግፊቱ እየበረታ በርሜሉን እስከ ማፈንዳት ሊደርስ ይችላል። የእኛው ሽብልቅ በደንብ ስላልጠበቀ ጠብታዋ በጎኑ እየሾለከች፤ በሰሌዳው ጀርባ ወርዳ ሶኬቱ ውስጥ ገባች። ቦይለሩ 1500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት 7 አምፔር ያህል ይስባል። ይህን ያህል ኃይል በረጠበ ሶኬት ውስጥ ሲያልፍ እሳት ያስነሣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወጣቱ ሥራውን አሳምሮ ቢሠራው ኖሮ የባሰ ይደርስብን ነበር።

ሽማግሌውን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አልወቀሱኝም፤ «ያን ንድፍህን አምጣው» ብለው በጀርባው ልክ ይጽፉበት ጀመር። በውሃ ልክ አግድም አሰመሩ። ከሶኬት በላይና በታች ቀጥ ባለው መሥመር ሽቦ ሊኖር ስለሚችል በዚያ ላይ አንዲት ቀዳዳ አልበሱም። ቦይለሩን በሁለት ቁም ሣጥኖች መካከል እንደ ተገለጠ ተዉት፤ በግራና በቀኝ እጅ የሚያስገባ ክፍተት፣ ከሥሩም ማሞቂያውን አውጥቶ ለመለወጥ የሚበቃ ቦታ አስቀሩለት። የተቃጠለው ሶኬት በአዲስ ተለውጦ ከውሃው መንገድ ራቅ ብሎ ተተከለ፤ ለሁለቱም ሶኬቶች የጀርባው ሰሌዳ በልካቸው ተቈረጠ። ጠብታዋም ጫፉ ክፍት በሆነ ቀጭን ጎማ እየተመራች ወደ ዕቃ ማጠቢያው ትወርዳለች። ጣሳው ቀረ።

አሁን ወጥ ቤታችን እንደ ጎረቤታችን አያምርም፤ ቦይለሩ ሆዱን ነፍቶ እንደ ባላገር እንግዳ መካከል ላይ ቆሟል። ባለቤቴም ለምዳዋለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ግን ተረቱን ለሰው እንጂ ለግድግዳ የተነገረ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ በመሥሪያ ቤት አንድ ጉድለት በመዝገብ ላይ ሳይ፤ ሪፖርቱ እንዲያምር በጥሩ ቃል ልሸፍነው እጄ ወደ ብዕር ሲሄድ፤ ያቺ ጠብታ ትታወሰኛለች። መውጫዋን ብነሣት በሌላ በኩል መምጣቷ አይቀርምና እንዳለች እጽፋታለሁ።