መብራቱ ይጥፋ፣ ፊደሉ ይግባ

ዛሬ ለንደን ውስጥ አንድ ሐበሻ ፕሮግራመር ኪቦርዱን አማርኛ ሊያስተምር ተቀምጦ ሳለ ተርሚናሉ «ፈርምዌሩ በዝቷል» አለው። ኪዩኤምኬ የተባለውን የኪቦርድ ፈርምዌር የነካካ ሁሉ ይህን መልእክት ያውቀዋል። የኪቦርዱ ኤቲሜጋ32ዩ4 ቺፕ ያላት ቦታ 32 ኪሎባይት ናት፤ ቡትሎደሩ 4ቱን ሲወስድ ለባለቤቱ 28,672 ባይት ይተርፋል።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ፊደላችን ነው። ምስኪን! 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ድምፆች ሲባዙ 231፤ እያንዳንዱ በዩኒኮድ ሠንጠረዡ ላይ 4 ባይት ቢይዝ ጠቅላላው 924 ነው። አንድ ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ቦታውን የበላው እንደ ኦክስፎርድ ስትሪት የገና ሰሞን ከቁልፎቹ ሥር የሚንቦገቦገው መብራት ነው።

መብራቱን ለማጥፋት ፋይል መቀያየር አያስፈልግም። ኮምፓይል በሚያደርገው ትእዛዝ ጫፍ ላይ ሰረዝና ኢ አስቀምጦ አርጂቢ ማትሪክሱን «ኖ»፣ ኮዱን የሚያሳንሰውን ኤልቲኦ ደግሞ «የስ» ማለት ይበቃል። ኮምፓይሉን የሚመራው ሜክ በትእዛዙ የተሰጠውን በፋይሉ ከተጻፈው ያስበልጣል፤ ነገ መብራቱ ሲያምረው ጭማሪውን መተው ነው።

ታዲያ ኪይማን የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አይቀልም ወይ? ይቀላል! ግን ቢሮ አለ። የመሥሪያ ቤቱ አይቲ ክፍል ማንኛውም ፕሮግራም ከመጫኑ በፊት ፎርም ያስሞላል፤ ፎርሙ ደግሞ «ለሥራዎ ምን ይጠቅማል?» ይላል። ሰው ለእናቱ «እንዴት ዋልሽ» ብሎ ለመጻፍ የሥራ ምክንያት ከየት ያምጣ? ጥያቄው ያለ ማብራሪያ ተዘጋ። ያኔ ነው ፊደሉን ኪቦርዱ ውስጥ ደብቆ ለማስገባት የወሰነው።

ችግሩ፣ ኪቦርድ ፊደል አይልክም፤ የሚልከው የቁልፍ ቁጥር ነው። ሊኑክስ ላይ «ሀ» እንዲወጣ ፈርምዌሩ ራሱ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዩን ተጭኖ 1200 ይተይባል። ማክ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሰውየው አንድ ኪማፕ ይዞ፣ የማሽኑን ዓይነት በዚያው በሰረዝ ኢ እየለየ ሁለት ፈርምዌር ያወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ የሰጡትን ስም የሚሰማው ሜክ እንጂ የሲ ኮዱ አይደለም። ሩልስ ፋይሉ በኦፒቲ ዴፍስ ካላሳለፈው ኮዱ ነገሩን ከነጭራሹ አያውቀውም፤ ኮምፓይሉ ግን በሰላም ያልቃል።

ለቤቱ ሊኑክስና ማክ ሁሉም ተሳካ። የቢሮው ዊንዶውስስ? እዚያ ኪዩኤምኬ የሚመክረው ዊንኮምፖዝን ነው። ዊንኮምፖዝ ደግሞ ፕሮግራም ነው፤ ይጫናል፤ ፎርም ይሞላበታል!

ቢሮው ዊንኮምፖዝን ያስፈቀደ ሰው ካለ፣ ፎርሙ ላይ ምን ብሎ እንደሞላ እባካችሁ ይጻፍለት።