ሁለቱ ሞገዶችና ያልተፈረመው ደብዳቤ

በሰው ላይ ከመፍረድ አስቀድሞ ነገሩን መመርመር እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ዳሩ ግን የሚያውቁትን መሥራት ከባድ ነው። ባለፈው ክረምት በደብረ ብርሃን ከተማ በመሥሪያ ቤት ሥራዬ ያጋጠመኝን ብጽፍ፥ እንደ እኔ በሥራ ኀላፊነት ላይ ለሚገኙ አንባቢያን ይጠቅም ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

መሥሪያ ቤታችን 9 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ቅርንጫፉ ጋር የሚገናኘው በአየር ነው። ይኸውም በሁለቱ ቤቶች ጣራ ላይ ፊት ለፊት የተተከሉ አንቴናዎች በ5.8 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ኢንተርኔቱን ይቀባበላሉ። እያንዳንዱ አንቴና በአንድ ጊዜ ሁለት ሞገዶች ይልካል፤ አንደኛው ቁም፥ ሁለተኛው አግድም ሞገድ ይባላል። ለየሞገዱም ከሬዲዮው ወደ አንቴናው የሚወጣ አንድ አንድ ገመድ አለ። ሁለቱም የየራሳቸውን ጭነት ስለሚሸከሙ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ ጥንድ በሬዎች ናቸው፤ አንዱ ካነከሰ እርሻው ይጓተታል።

በሐምሌ ወር ቁሙ ሞገድ ከዜሮ በታች 58፥ አግድሙ ግን ከዜሮ በታች 71 ዲቢኤም ሆኖ ተገኘ። ለማያውቀው ሰው የ13 ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ መለኪያ 3 ሲቀነስ ኃይሉ በግማሽ፥ 10 ሲቀነስ ወደ ዐሥረኛ እጁ ይወርዳል። ስለዚህ አግድሙ ሞገድ የቁሙን አንድ ሃያኛ ብቻ ይዞ ይደርስ ነበር ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ የይዞታ ማስረጃ ፈልገው ከገጠር በእግራቸው የመጡ ባለጉዳዮች «ኔትወርክ የለም» እየተባሉ ይመለሱ ጀመር። አንዲት አሮጊት በቅርንጫፉ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጠው እንደ ዋሉ ሰማሁ።

የበላዬ የሆኑት ሹም «ኃይሉን ጨምርበት» አሉኝ። ጨመርሁም፤ ሁለቱ ሞገዶች በአንድነት ከፍ አሉ እንጂ ልዩነታቸው አልጠበበም። በዚያን ጊዜ ተቈጥቼ፥ «በቅርንጫፉ ያለው ወጣት ቴክኒሻን አንቴናውን አጣሞታልና ውሉ አይታደስለት» የሚል ደብዳቤ አረቀቅሁ። የቀረው ፊርማዬ ብቻ ነበር።

በዚያች ሌሊት፥ በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የፊዚክስ መምህራችን ያስተማሩን ነገር ትዝ አለኝ። የክፍላችን መብራት በጠፋ ጊዜ አምፖሉን ለመጣል ስንቸኩል አስቆሙን። በትግርኛ የተናገሩት ቃል በአማርኛ ቢጻፍ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ አምፖሉን ከሚበራው ጋር አለዋውጡት፤ ጨለማው አምፖሉን ከተከተለ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፤ ጨለማው በስፍራው ከቀረ ግን አምፖሉ ንጹሕ ነው።

በማግሥቱ ደብዳቤውን በመሳቢያ ቈልፌ ነገሩን አወጣሁ አወረድሁ። አግድሙ ሞገድ በእኛም በእነርሱም መለኪያ ደካማ ነበር። እንግዲያስ ጥፋቱ የሚሄደውም የሚመለሰውም ሞገድ በሚያልፍበት፥ በገመድ ወይም በአንቴና ወይም በመንገዱ ላይ መሆን አለበት። አንቴና ከአቅጣጫው ዞር ቢል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ሞገዶች ይዳከማሉ እንጂ አንዱ ብቻ አይጎዳም። በባሕር ዛፉም ማመካኘት አልቻልሁም፤ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ሞገዱ በዙሪያው ወደ 11 ሜትር የሚጠጋ ባዶ ስፍራ ይፈልጋል፥ ዛፎቹም ከዚያ በታች ነበሩ። ክሴ በገዛ ዕውቀቴ ፊት ፈረሰ። መለኪያው ሁለታችንንም እኩል ጠርጥሮ ሳለ እኔ በወጣቱ ብቻ ፈርጄ ነበር፤ ምክንያቱም የራሴን እጅ ከመጠን በላይ ማመኔ ነው።

ዝናቡ ሲያባራ ከጣራችን ወጣሁ። በመጀመሪያ ሁለቱን ገመዶች በሬዲዮው በኩል አለዋወጥኋቸው፤ ድካሙ ወደ ሌላው መሰኪያ ተሻገረ። ስለዚህ ሬዲዮው ንጹሕ ሆነ። ቀጥሎ በአንቴናው በኩልም አለዋወጥኋቸው። ድካሙ ወደ ቀድሞ መሰኪያው ቢመለስ ኖሮ ጥፋቱ የአንቴናው ወይም የማዶው ወገን ነበር፤ እርሱ ግን ያንኑ ገመድ ተከተለ። የገመዱን ማያያዣ ብፈታው ውሃ ቋጥሯል፤ መዳቡም አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

ያን ማያያዣ በሚያዝያ ወር የጠቀለልሁት እኔ ነኝ። ውሃ የማያስገባው ላስቲክ ስላለቀብኝ በተራ ፕላስተር ሸፍኜው ነበር። ገመዱንም ጠብታው ወደ ምድር እንዲወርድ ከማያያዣው በታች ቀለስ አድርጌ አልተውሁትም። አዲስ ገመድ አስገብቼ በደንብ ብሸፍነው ቁሙ 58፥ አግድሙ 59 ሆነ።

ደብዳቤውን ቀድጄ ወደ ቅርንጫፉ ሄድሁ። አሮጊቷ ወረቀታቸውን ይዘው እየመረቁ ሲወጡ ከበሩ ላይ አገኘኋቸው፤ ምርቃቱ ግን ለእኔ እንደማይገባ አውቅ ነበርና አንገቴን ደፋሁ። ለወጣቱም የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፥ «ጋሼ፥ እኔስ የእርስዎን ወገን ጠርጥሬ ነበር፤ ነገር ግን ለመናገር ፈራሁ» አለኝ።

ከውሃውና ከዝገቱ ይልቅ ይህ ቃል አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ ብልሽት ባጋጠመኝ ጊዜ አስቀድሜ ከእኔ በታች ያሉትን «እናንተስ ምን ትጠረጥራላችሁ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎም ከገዛ ጣራዬ እወጣለሁ። ደብዳቤ የሚጻፍ ቢሆን እንኳ ከዚህ በኋላ ነው።