ጋብቻና መታመን

በላስታ፣ በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንዱ ረድፍ እንጨት፣ አንዱ ረድፍ ድንጋይ ነው። የሁለቱ ባሕርይ ልዩ ሲሆን፣ ተያይዘው ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ቆመዋል። ግድግዳው ሰም ነው፤ ወርቁ ግን የባልና የሚስት ነገር ነው።

በኢትዮጵያ የጋብቻ ማሰሪያው አንድ ብቻ አልነበረም። በቁርባን የሚጋቡ አሉ፤ በሰማንያ የሚጋቡ አሉ፤ ቀድሞም በደሞዝ የሚኖሩ ነበሩ። እንደ ማሰሪያውም የዝሙት ትርጓሜ ይለያያል። በደሞዝ ለኖሩት መካድ ውል ማፍረስ ነበርና በሒሳብ ይለያዩ ነበር። በሰማንያ ላሉት በዋስና በምስክር ፊት የተገባ ቃል መሻር ነውና ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቃቸዋል፤ እንቢ ካሉም ንብረት ተካፍለው ይፋታሉ። በቁርባን ለተጋቡት ግን ሥጋውንና ደሙን አብረው የተቀበሉበትን አንድነት ማርከስ ነው። ለካህንማ ነገሩ ይብሳል፤ ሚስቱን ፈቶ ሌላ ቢያገባ ክህነቱ ይቀራልና።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ቁርባንን ፈርቶ በጕልማስነቱ በሰማንያ ይኖራል፤ ጠጕሩ ሲሸብት ከሚስቱ ጋር ይቈርባል። ይህ ፍርሃት ትሕትና ይመስላል፤ ሲመረመር ግን አንዳንዱ ሰው ገና ሳያገባ መካዱን አስቦ፣ የመውጫውን በር ከፍቶ የሚገባበት ነው። እንዲህ ያለው ባል ቅምጥ ሲይዝ የጕብዝና ሥራ ያደርገዋል፤ ሚስቱ የበደለችው እንደ ሆነ ግን ማሰሪያው ሰማንያ መሆኑን ረስቶ እንደ ቁርባን ባል ይቈጣል።

የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ጋብቻው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቢሆን፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሥርዓት ቢሆን፣ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ይታመኑ ዘንድ ያዝዛል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የተበደለው ሲከስ ባልንም ሚስትንም ይቀጣል። ሕጉ የጻፈውን ግን የተካደች ሚስት ከጥንት ታውቀው ነበር፤ ባሏ ባመሸ ጊዜ የምታፈስሰው እንባ በሰማንያ ቀሎ፣ በቁርባን ከብዶ አይወርድምና።

እንግዲህ የዋሻውን ግድግዳ ልብ ይሏል። እንጨቱ፣ «እስክሸመግል ድረስ ድንጋዩን አላልቼ ልያዘው» ቢል ኖሮ፣ ግድግዳው ለሽምግልና ባልደረሰ ነበር።