ዐሥር ጣትና ሦስት ኮምፒዩተር

በእነዚህ ገጾች ላይ ስለ ታላላቅ ጉዳዮች ማንበብ ለምዳችኋል፤ እኛ ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ ጣታችን ነው። መነሻችን ጣት ቢሆንም መድረሻችን ፊደል ነውና እስከ መጨረሻው ታገሡን።

የምንኖረው ፉሪ ነው፤ ከፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ብዙም አንርቅ። ከግቢያችን በታክሲ ላይ ታክሲ ቢያስይዝም የቤት ኪራዩ ለተማሪ ኪስ ይራራል። አሮጌዋ ላፕቶፓችን ዊንዶውስ ቢከብዳት ሊኑክስ ጭነንባታል። በፋኩልቲያችን ያሉት ኮምፒዩተሮች ግን ዊንዶውስ ናቸው። አብሮን የሚኖረው ጓደኛችን ደግሞ አጎቱ ከውጭ አገር የላኩለት ማክ አለው። መብራት ሲጠፋ ባትሪው የተረፈውን ስለምንይዝ፥ ጧት በአንዱ የጀመርነውን ጽሑፍ ማታ በሌላው እንጨርሳለን።

ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዊንዶውስና በሊኑክስ ጽሑፍ ለመቅዳት ኮንትሮልን በትንሿ ጣት ይዞ የላቲኗን ሲ መምታት ነው፤ በማክ ግን ኮማንድ የተባለውን ቁልፍ በአውራ ጣት መያዝ ያሻል። ጭንቅላት ልዩነቱን ያውቃል፤ ጣት ግን እንደ በቅሎ የለመደውን መንገድ ይሄዳል። አንድ ማታ ተናደን በማኩ ማስተካከያ ውስጥ ገባንና ኮንትሮልንና ኮማንድን አለዋወጥናቸው። እኛ ዐረፍን። በማግሥቱ ባለቤቱ «ኮምፒዩተሬን ምን አደረጋችሁብኝ?» እያለ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

ይህ ቀላሉ ነው። ከባዱ አማርኛ ነው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ፥ ዲቃሎቹ ሳይቈጠሩ፥ 231 ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚሸከም የቁልፍ ገበታ አይገኝም። ኢንጂነር አያና ብሩ ከኢጣሊያ ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያበጁ መላቸው፥ የፊደሉን መሠረት በአንድ ቁልፍ፥ ቅጥያውን በሌላ መምታት ነበር። ዛሬም ኮምፒዩተሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ምት ተቀብሎ አንድ ፊደል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የታወቀ ቁጥር ስላለው በአንዱ የተጻፈው በሌላው ይነበባል። ዩኒኮድ ግን የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል ያውጣ ብሎ አይወስንም፤ ያን የሚወስነው ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ነው።

ባለፈው መንፈቅ ስለ ሥነ ቃል ያዘጋጀነውን ወረቀት ለማሳተም ወደ ሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ሄድን። በመጨረሻው ሰዓት የጨመርናቸውን ሁለት ገጾች እዚያው መጻፍ ነበረብን። ንጉሡን ሠ በዚያ ገበታ ላይ ብንፈልግ፥ ብንፈልግ አጣነው። ጸሓፊዋ ሣቅ ብላ፥ «ወንድሞቼ፥ በእሳቱ ሰ ጻፉት፤ ማን ያየዋል?» አለችን። እኛም ጻፍነው።

መምህራችን አዩት። ቃሉን በቀይ ከበቡና ከጎኑ፥ «መጀመሪያ ላይ ሥነ፥ መጨረሻ ላይ ስነ ብላችኋል። አሳባችሁን ለውጣችሁ ነው ወይስ ቁልፍ ጠፍቶባችሁ?» ብለው ጻፉ።

ይህ ጥያቄ ከማርኩ ቅናሽ ይልቅ አሳፈረን። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚል ሰው ምክንያት አለው፤ የቃሉ ሥር እንዳይጠፋ ይኑሩ የሚልም ምክንያት አለው። ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረውበታል። እኛ ግን ከሁለቱም ወገን አልነበርንም፤ ክርክሩን ሳንሰማ ቁልፉ ፈረደልን። በየጽሕፈት ቤቱ እንደ እኛ የቸኰለ ሁሉ «ማን ያየዋል?» እያለ ቢጽፍ፥ ሠ ከአማርኛ የምትወጣው ማንም ሳይወስን ነው።

ከዚያ ወዲህ ኪይማን የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስም፥ በማክም፥ በሊኑክስም እንደሚሠራ ተረዳን። በላፕቶፓችንና በማኩ ላይ አንድ ዐይነት የፊደል አቀማመጥ ጫንን፤ በዚህ ጊዜ ባለቤቱን አስፈቅደን ነው። ወደ ጽሕፈት ቤቱም ተመልሰን ከጸሓፊዋ ጋር ቁልፉን ሁሉ እየመታን ሠን ፈለግናት። ተሸሽጋ ኖሯል እንጂ አልጠፋችም። ጸሓፊዋ የተገኘችበትን ቁልፍ በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ከስክሪኑ ግርጌ ለጥፋዋለች፤ ፉሪ ብትመጡ ታዩታላችሁ።