መልካሳ ላይ ሲመሽ

ከአዳማ ወደ ሶደሬ ለመዝናናት የሚወጣ ቤተሰብ መልካሳን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አዋሽ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። «መልካ» በአፋን ኦሮሞ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ስሟ በብዛት የሚነሳው የተሻሻሉ የቦሎቄ ዝርያዎች ከሚወጡበት የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ነው። እኔ ግን ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ሰው የምመክረው ምሽቷን ነው። የቀኑ ሙቀት ይበርዳል፤ ከከተማው መብራት ትንሽ ራቅ ካሉም ሰማዩ ጥርት ብሎ ይታያል።

ባለፈው ኅዳር ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ይዤ አንድ ሌሊት እዚያ አደርኩ። ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው። ትልቋ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈታኝ ናት። ትንሹ ወደ ወንዙ ካልወረድኩ ብሎ ሲያስቸግር «አዋሽ አዞ አለው» አልኩት። ይሄኔ «አዞ የሚገድል ጀግና አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጣሊያን የምትኖረው ልጄ በስልኬ የላከችልኝ ፎቶግራፍ ትዝ አለኝና አሳየሁት።

ፎቶግራፉ ፍሎረንስ አደባባይ ላይ የቆመ የነሐስ ሐውልት ነው። የግሪኮች ተረት ጀግና ፐርሲየስ በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራው የሜዱሳን የተቆረጠ ራስ ይዟል። የሠራው ቤንቬኑቶ ቼሊኒ ነው። በኮሲሞ ደ ሜዲቺ ትእዛዝ በ1545 ጀምሮ በ1554 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አሳየው። አሠራሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ምስሉ በሰም ይቀረጻል፣ በሸክላ ይለበጣል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ በቦታው የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። ቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ የአንጥረኛ ጥበብ ነው። ቼሊኒ ራሱ እንደተረከው፣ ነሐሱ ሊረጋበት ሲል ትኩሳት ይዞት ከተኛበት ተነስቶ ወደ 200 የሚሆኑ የቤቱን ሳህኖች እቶኑ ውስጥ ጨመረ።

ትንሹ ሰይፉን ወደደው። እኔ ግን እግሩ ሥር፣ መቆሚያው ላይ ያለውን ሌላ የነሐስ ቅርጽ አሳየኋቸው። አንዲት ልጅ አለት ላይ ናት፣ አውሬ ይመጣባታል፣ ጀግናው ከላይ እየበረረ ይወርዳል። ልጅቷ አንድሮሜዳ ትባላለች። በተረቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት። የግሪኮች «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ የሚያጠቃልል ስለነበር ከዛሬው ካርታ ጋር ልክ አይገጥምም። አለቱ ያፋ ወደብ ላይ ነበር የሚሉም አሉ። የሮማው ገጣሚ ኦቪድ ግን ልጅቷን ጠይም ይላታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እናቷ ንግሥት ካሲዮፔያ «በቁንጅና ከባሕር አማልክት ልጆች እንበልጣለን» ብላ ተኩራራች። ራሷን ነው የሚሉም፣ ልጇን ነው የሚሉም አሉ። የባሕሩ አምላክ ተቆጥቶ ጎርፍና አውሬ ላከ። ጠንቋይ ሲጠየቅ ልጅቷ ካልተሰጠች አገሩ አይድንም አለ። አባትየው ልጁን በሰንሰለት አለት ላይ አሰራት።

«አባባ፣ የተኩራራችው እኮ እናቷ ናት። እሷን ለምን አሰሯት?» አለ ትንሹ።

«አገሩን ለማዳን ነው» አልኩ። ፊቱን አየሁት፤ አልተቀበለኝም። እኔም መልሱ አልጣመኝም። ትልቋ ምንም አልተናገረችም። ስልኩን ተቀብላ ልጅቷን ብቻ ለረጅም ጊዜ አየች።

በቤታችን ስንት ጊዜ በእንግዳ ፊት «ልጃችን አንደኛ ነው የምትወጣው» ተብሎላት ይሆን? ኩራቱ የእኛ የትልልቆቹ ነው። ፈተናው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ግን እሷ ናት። ወላጅ በልጁ ቢደሰት ነውር የለውም። ግን ልጁ ያልገባበትን ውርርድ በልጁ ስም ሲገባ ዕዳውን ማን ይከፍላል? አንድሮሜዳ ፐርሲየስ ደረሰላት። የእኛዎቹን ልጆች የሚያድን ባለ ሰይፍ ጀግና በሰማይ አይበርም። ሰንሰለቱን መፍታት ያለብን ያሰርነው ነን።

በዚያ ምሽት ለትልቋ «ሚኒስትሪው የራስሽ ነው፤ ያመጣሽውን ታመጫለሽ» አልኳት። «ለአባዬም ንገርልኝ» አለችኝ። ነግሬዋለሁ።

እናንተም በኅዳር መጨረሻ መልካሳ ላይ ከመሸባችሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ዙሩ። አምስት ደማቅ ኮከቦች ንጉሡ «ሠ» ተገልብጦ የተጻፈ መስለው ይታያሉ። ካሲዮፔያ እነሱ ናቸው። በግራ ዝቅ ብሎ አባትየው ኬፌዎስ፣ በቀኝ ፐርሲየስ አለ። አንድሮሜዳን ለማየት አንገታችሁን ወደ ላይ ቀና አድርጉ፤ ከሁሉም ከፍ ብላ ያለችው እሷ ናት።