አሜን ያልኩበት ምርቃት

ጡረታቸውን ሊቀበሉ የመጡ አንዲት እናት፣ ገንዘባቸውን ቆጥሬ ከሰጠኋቸው በኋላ ጎንበስ ብለው በመስኮቱ አዩኝና «ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። እርጉዝ አልነበርኩም፤ አግብቼም አላውቅም። ነገር ግን ከኋላቸው የተሰለፉት ሁሉ ስለሰሙ አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልኩ። የዚያን ዕለት ማታ ሂሳቤ 40 ብር ጎደለ፤ ከኪሴ ከፈልኩ።

በእኛ አገር «ወፈርሽ» ማለት ሙገሳ ነው። እናቴም ሥጋዬን የድሎቴ ምስክር አድርጋ ትቆጥረዋለች። ሐኪሜ ግን 96 ኪሎዬን ለቁመቴ ካሬ አካፍላ 37.5 ብላ ጻፈች፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ30 ጀምሮ ያለውን ከልክ ያለፈ ውፍረት ይለዋል። እንጀራዬ ቁጥር ነውና ገባኝ። ገብቶኝም በሬን ዘግቼ በላሁ። ግጥም እሞካክራለሁ፤ ስለ ሰው ገላ ብዙ ጽፌያለሁ። ስለ ራሴ ገላ ግን አንድ ስንኝ አልነበረኝም።

የጂን ኒዴችን ታሪክ ያነበብኩት በዚያ ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ፣ ገበያ ላይ ያገኘቻት አንዲት የምታውቃት ሴት መቼ እንደምትወልድ ጠየቀቻት። እሷም እርጉዝ አልነበረችም፤ 97 ኪሎ ገደማ ትመዝን ነበር። ከተማው ባቋቋመው ክሊኒክ የአመጋገብ መመሪያ ተሰጥቷት ኪሎ መቀነስ ጀመረች። ነገር ግን ተደብቃ የምትበላውን ብስኩት እዚያ መናገር አልሆነላትም። ስለዚህ 6 ጓደኞቿን ቤቷ ጠርታ ተናዘዘችላቸው፤ እነሱም የየራሳቸውን ጓዳ ከፈቱላት። በ1963 የተመሠረተው ዌይት ዋቸርስ መነሻው ያ ሳሎን ነው። ከቀነሰችው ኪሎ ይልቅ ኑዛዜዋ ልቤ ውስጥ ቀረ።

እኔም ሁለት ባልደረቦቼንና አንዲት ጎረቤቴን ቅዳሜ ቡና ጠራሁ። አቦሉ ላይ ስለ ሥራ አወራን። ቶናው ላይ ግን ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ቆሜ ፍርፍር እንደምበላ ተናገርኩ። ዝም አሉ። ጎረቤቴ ስኒዋን አስቀምጣ፣ «እኔ ደግሞ ልጆቼ ሲተኙ ከምሳ ዕቃቸው የተረፈውን፤ ማን ያየኛል ብዬ» አለች። አንደኛዋ ባልደረባዬ 5 ዓመት ሙሉ ፎቶግራፍ እንዳልተነሣች ነግራን አለቀሰች። በረካው ላይ በየቅዳሜው ልንገናኝ፣ አብረን በእግር ልንሄድ፣ ጉርሻ ስንከለክልም ላንቀያየም ተማማልን።

ሰውነት ክፉ አበዳሪ ነው፤ የተወሰደበትን ለማስመለስ ረሃቡን ያበረታል፣ የሚያወጣውንም ጉልበት ይቆጥባል። በ1 ዓመት 11 ኪሎ ቀነስኩ፤ 4ቱ ተመለሱ። ቀድሞ ቢሆን በሬን እዘጋ ነበር። አሁን ግን ያንኑ ቅዳሜ ሄጄ «4 ተመለሰብኝ» አልኩ፤ ቡናም ተቀዳልኝ።

እኚያን እናት ከዚያ ቀን ወዲህ ባየኋቸው ቁጥር ሰበብ ፈልጌ ወደ ሌላ መስኮት እመራቸው ነበር። ባለፈው ወር አልሸሸሁም። «ምን ወለድሽ?» አሉኝ።

«እርጉዝ አልነበርኩም፣ እማማ። ወፍራም ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ» አልኳቸው። የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ታዲያ ምነው አሜን አልሽ?»

«ምርቃት ይመለሳል እንዴ?»

«እንግዲያው ለወደፊቱ ይደርሳል» ብለው ሳቁ።

አሁንም አሜን አልኩ፤ አንገቴን ግን አልደፋሁም።