የአረጋውያን ሕክምና የማን ዕዳ ነው?



ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ልጅ፣ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ የሌለው ቤተሰብ በከተሞቻችን እየቀነሰ መጥቷል። ልጆቻቸው ወስደዋቸው እርጅናቸውን በዚያ አገር የሚገፉ አባቶችና እናቶችም አሉ። እኛ በዚያው አገር በሥራ ቀናት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመስጂዳችን መድረሳ ስለምናስተምር፣ ትልልቆቻችን ፖስታ በደረሳቸው ቁጥር «እስቲ ልጄ፣ ይህን አንብብልኝ» እያሉ ይመጣሉ። ከሚያመጧቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ የሚናገሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሜዲኬር ስለሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ነው። ከወረቀቱ ጀርባ ስላለው ወጪና ፖለቲካ ጥቂት መናገር ተገቢ መስሎ ታየን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሜዲኬርን ሕግ የፈረሙት ጁላይ 30 ቀን 1965 ሲሆን፣ የመጀመሪያውን ካርድ የተቀበሉት ቀደም ብለው ለዚሁ ሐሳብ ታግለው ያልተሳካላቸው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ነበሩ። ከዚያ በፊት ከአሜሪካ አረጋውያን ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል መድን አልነበራቸውም። አገልግሎቱ በ1966 ሲጀመር ደግሞ መንግሥት ጥቁርንና ነጭን ለይቶ ለሚያስተኛ ሆስፒታል ገንዘብ እንደማይከፍል አስታወቀ። በዚህም ምክንያት ለዘመናት የኖረው የሆስፒታሎች የቀለም ልዩነት በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ ቦታ ተወገደ። እንግዲህ የሕዝብ ገንዘብ በፍትሕ ሲያዝ ምን ሊሠራ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሜዲኬር አራት ክፍሎች አሉት። ክፍል ኤ የሆስፒታል መኝታን ይሸፍናል። ገንዘቡም ከሠራተኛው ደመወዝ 1.45 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ ያንኑ ያህል ተቆርጦ በአንድ ካዝና ይጠራቀማል። ክፍል ቢ የሐኪምና የምርመራ ክፍያን 80 በመቶ ሲሸፍን 20 በመቶው በታካሚው ላይ ይቀራል። ለዚህ ክፍል አረጋዊው በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፤ አብዛኛውን ወጪ ግን መንግሥት ከጠቅላላው ግብር ይሸፍነዋል። ክፍል ሲ የሚባለው መንግሥት ለግል ኩባንያዎች ከፍሎ እነርሱ አረጋውያኑን የሚያሳክሙበት መንገድ ሲሆን፣ ክፍል ዲ ከ2006 ጀምሮ የመድኃኒት ወጪን የሚሸፍን ነው። የጥርስ ሕክምና፣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያና የረጅም ጊዜ የአስታማሚ እንክብካቤ በመደበኛው ሜዲኬር አይሸፈኑም።

ወደ ወጪው እንምጣ። የክፍል ቢ ወርሃዊ መዋጮ በ1966 ሲጀመር 3 ዶላር ነበር። በ2000 ወደ 45.50 ዶላር፣ በ2010 ወደ 110.50፣ በ2025 ወደ 185 ከፍ አለ፤ ለ2026 የተወሰነው ደግሞ 202.90 ዶላር ነው። ይህ ቁጥር ለአንድ ጡረተኛ ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ እንየው። በወር 700 ዶላር ጡረታ የሚቀበሉ አንድ አባት አሉ እንበል። መንግሥት ለ2026 የኑሮ ውድነት ማካካሻ ብሎ ጡረታውን በ2.8 በመቶ ጨመረ፤ ለእኚህ አባት 19 ዶላር ከ60 ሳንቲም መሆኑ ነው። በዚያው ወር የሜዲኬር መዋጮ በ17 ዶላር ከ90 ሳንቲም ጨመረ። እጃቸው የገባው 1 ዶላር ከ70 ሳንቲም ብቻ ነው! ዳቦ፣ ኪራይና መብራት ግን አልጠበቋቸውም።

ለመሆኑ ወጪው ለምን ይንራል? አንደኛው ምክንያት የሰዉ ብዛት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብዛት የተወለደው ትውልድ ከ2011 ጀምሮ 65 ዓመት እየሞላው ገባ፤ ዛሬ ተጠቃሚዎቹ ከ68 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሁለተኛው አዳዲስ መድኃኒቶችና ሕክምናዎች የሚጠየቅባቸው ዋጋ ነው። ሦስተኛው ለግል ኩባንያዎች የሚከፈለው ነው። ከተጠቃሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዛሬ በእነዚህ ኩባንያዎች ሥር ናቸው። ኮንግረሱን የሚያማክረው ኮሚሽን በ2024 እንደገመተው፣ መንግሥት ለእነርሱ የሚከፍለው እነዚያኑ ሰዎች በመደበኛው ሜዲኬር ቢያሳክም ኖሮ ከሚያወጣው በ83 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። የሜዲኬር ጠቅላላ ወጪም በዓመት ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል።

ፖለቲካው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ አገር አረጋውያን ከወጣቶች ይልቅ በብዛት ድምፅ ይሰጣሉና ማንም ፖለቲከኛ ሊነካቸው አይደፍርም። በ1988 ኮንግረሱ የከባድ ሕመም ወጪን የሚገድብ ሕግ አውጥቶ ወጪውን በራሳቸው በአረጋውያኑ ላይ ቢጥል ከፍተኛ ቁጣ ተነሣ። በ1989 በቺካጎ ከተማ አረጋውያን የአንድ ታላቅ የኮንግረስ ሹም መኪና ከበው መንገድ ዘጉበት፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ተሻረ። በ2003 የመድኃኒት ሽፋን ሲጨመር ደግሞ መንግሥት ከመድኃኒት ፋብሪካዎች ጋር በዋጋ እንዳይከራከር የሚከለክል አንቀጽ አብሮ ገባ። ይህ ክልከላ በከፊል የተነሣው በ2022 ነበር። በዚያ ዓመት ሕግ መሠረት ኢንሱሊን ለአረጋውያን በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ፣ በ2025 ደግሞ አንድ ሰው ለተሸፈኑ መድኃኒቶች በዓመቱ ከኪሱ ከ2,000 ዶላር በላይ እንዳያወጣ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች የድርድር ዋጋ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ሕጉ ሲጸድቅ ግን ከሪፐብሊካኖች አንድም የድጋፍ ድምፅ አላገኘም። በየምርጫው አንዱ ፓርቲ ሌላውን «ሜዲኬርን ሊቀንስባችሁ ነው» እያለ ይከሳል፤ ሒሳቡን ግን ማንም በግልጽ አያወራርደውም።

የካዝናው ጠባቂዎች በ2025 ባወጡት ዘገባ የሆስፒታሉ ካዝና ተጠባባቂ ገንዘብ በ2033 እንደሚያልቅ ገምተዋል። ያን ጊዜ መድኑ ይዘጋል ማለት ሳይሆን፣ የሚገባው ገቢ የሚሸፍነው የወጪውን 89 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል ማለት ነው። እኛ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ያለን በየደመወዛችን እየቆረጥን የዛሬዎቹን አረጋውያን እናሳክማለን፤ የእኛ ተራ የሚደርሰው ግን ከ2050 በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ አንዳንድ ወጣት ወንድሞቻችን «ለማናውቃቸው ሽማግሌዎች ለምን እንከፍላለን?» ሲሉ እንሰማለን።

ለዚህ ጥያቄ ዲናችን መልስ አያጣም። ስለ መድን የዑለማእ ውይይት ሰፊ ነው። በጅዳ ያለው ዓለም አቀፍ የፊቅህ ጉባኤ በ1985 የንግድ መድንን ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የቆመውን ፈቅዷል። ሜዲኬር በተፈረመበት በዚያው በ1965 ደግሞ በካይሮ የተሰበሰበው የአዝሀር የኢስላም ምርምር ጉባኤ መንግሥት የሚያቆመው የጡረታና የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት የተፈቀደ መሆኑን ወስኗል። ከዚህም በፊት፣ አቡ ዩሱፍ በኪታቡል ኸራጅ እንደዘገቡት፣ ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ግብሩን ለመክፈል የሚለምን አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አይሁዳዊ አገኙ። ግብሩን አነሡለት፤ ከበይተል ማልም እንዲረዳ አዘዙ። በወጣትነቱ ያስገበርነውን ሰው በእርጅናው ብንጥለው ፍትሕ አይሆንም የሚል ነበር ሐሳባቸው። ሽማግሌው ዘመዳቸውም፣ የዲን ወንድማቸውም አልነበረም። ዕድር የሚያውቅ የእኛ ሕዝብም ይህን አይስተውም፤ ዛሬ ለጎረቤቱ ሐዘን የሚያዋጣ ሰው የራሱ ቀን መቼ እንደሚመጣ ጠይቆ አያዋጣም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች እንመለስ። ለሜዲኬር ካርድ 65 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም። ክፍል ኤን ያለ መዋጮ የሚያገኘው እርሱ ወይም የትዳር ጓደኛው 10 ዓመት ያህል ሠርቶ የከፈለ ነው። ያልሠራ ሰው ቋሚ ነዋሪ ሆኖ 5 ዓመት በተከታታይ ከኖረ በኋላ መግዛት ይችላል፤ ዋጋውም በ2026 በወር እስከ 565 ዶላር ነው። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥገኝነት ያገኙ ስደተኞች ግሪን ካርድ እስካልያዙ ድረስ ከሜዲኬር ውጭ አድርጓቸዋል፤ ቀድሞ የገቡትም ሕጉ በወጣ በ18 ወራት ውስጥ ይቋረጥባቸዋል። ሠርተው ግብር የከፈሉ ሰዎች ሳይቀሩ በዚህ ተነክተዋል።

ልጃቸው በግሪን ካርድ ያመጣቸው፣ አምስቱ ዓመት ገና ያልሞላላቸው አንዲት እናት ደም ግፊታቸውን ሳይታከሙ መክረማቸውን ሰማን። ለምን ብንላቸው «ልጄን ዕዳ ውስጥ ከምከት ሕመሜን ችዬ ብቀመጥ ይሻለኛል» አሉን። «እማማ፣ እርስዎ ቢወድቁ ለልጅዎ የሚተርፈው ዕዳ ብቻ አይደለም» አልናቸው። ልጃቸውን አነጋግረን በገቢ መጠን ወደሚያስከፍል የማኅበረሰብ ክሊኒክ ወሰዳቸው። የወጪ መናር በጋዜጣ ላይ ቁጥር ነው፤ በየቤቱ ግን እንዲህ ያለ ዝምታ ሆኖ ይገባል።

እንግዲህ ማድረግ የሚገባንን እንናገር። ወላጅ ለማምጣት ያሰበ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት የአምስቱን ዓመት የሕክምና ወጪ ያስላ። 65 ዓመት የሚሞላው ሰው ከልደቱ ወር 3 ወር ቀድሞ ይመዝገብ፤ በሥራ ቦታ መድን ሳይኖረው የዘገየ ለእያንዳንዱ ዓመት የክፍል ቢ መዋጮው 10 በመቶ ይጨምርበታል። ጡረታው አነስተኛ የሆነ ሰው፣ እንደ ባለ 700 ዶላሩ አባት ያለ፣ ግዛቱ ሜዲኬድ በሚባለው ፕሮግራም በኩል መዋጮውን ሊከፍልለት ይችላልና ያመልክት። ዜግነት ያለን ደግሞ ለእንደራሴዎቻችን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ጉድለቱ መሞላቱ ካልቀረ፣ ለኩባንያዎቹ ከሚተርፈው ይጀመር እንጂ ክኒኗን ለሁለት ከምትሰነጥቅ እናት አይጀመር።

ሆኖም ከመንግሥት የሚመጣው ሁሉ ቢሟላ እንኳ የወላጅ ሐቅ ከልጅ ላይ አይወርድም። ካርዱ ሐኪም ዘንድ ያስገባል፤ ክንድ ይዞ የሚያስገባው ግን ልጅ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋውን ይላክ፤ ለወላጆቻችን የምንተርፍ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።